ለአንድ ሌሊት እናቷ ጋ የሄደችው ልጅ

ለምወድሽ ልጄ፤ የረገጥሽው ምድር ይለምልምልሽ፣ ያየሽ ሁሉ ይውደድሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱን ያመዋል፤ ሐኪም ጋ ሂድ ስለው "ልጄ ስትመጣ ይሻለኛል" ይለኛል። እንግዲህ እሱን ቻይው!

ባለፈው ሳምንት ማኅበራችን የሚያስተምራቸውን የገጠር ልጆች ልንጠይቅ ሄደን ነበር። አንዷን፣ ትምህርት ቤቱ አጠገብ በተከራየንላት ክፍል፣ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። "እናቴ ናፈቀችኝ፤ ትምህርቱን ትቼዋለሁ" አለች። እንድመክራት የተላክሁት እኔ ነበርኩ፤ እኔ ግን "በይ ሂጂና ዛሬ እናትሽ ጋ እደሪ፤ ነገ ትመለሻለሽ" አልኳት።

ሹፌራችን "እትዬ፣ ምን ነካዎት? ከሄደች እኮ በቃ ቀረች!" አለኝ። ሊቀመንበራችንም "ብትቀር ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ" ብላ ተቆጣችኝ። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

በማግስቱ መምህሯ ደወለ። ይዛት የመጣችው እናቷ ራሷ ናት። አቅፋ ስማት፣ "በርቺ" ብላ አስገባቻትና፣ ልጅቱ እንዳታያት አጥሩ ጥግ ዞራ አለቀሰች አለን። ያቺን ሴት ሳላያት አወቅኋት፤ አንቺን የሸኘሁ ቀን እኔም እንዲሁ ነበርኩ።

ልጄ፣ ምግብ አትዝለይ፤ ፀጉርሽ ሳይደርቅ ብርድ ላይ አትውጪ። ደግ ደጉን ያሰማኝ፣ እጅሽ የነካው ይባረክ። ሥራሽን ትተሽ ነይ አልልሽም። ለአንድ ሌሊት ብቻ መጥተሽ አጠገቤ እደሪ፤ በማግስቱ እኔው ራሴ እሸኝሻለሁ።

እናትሽ