ምንጩን ያደረቁት ወይዘሮ ሩት አይደሉም

ለክቡር አቶ ወልዴ ይርጉ
የምንጭ ዳር የጋራ ርስት ማኅበር ሊቀመንበር
ኧርቪንግ፣ ቴክሳስ

ሰኔ 10 ቀን 2001 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የምስጋና ወረቀቴን ስለመመለስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? የምንጩ መድረቅ ካሳደረብዎ ሐዘን ተጽናንተው፣ የደም ግፊትዎም ወርዶ፣ በመጪው ቅዳሜ ስብሰባ ድምፅዎ እንደወትሮው ያለ ማይክሮፎን እስከ ውጭ በር ድረስ እንዲሰማ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለው ፓርኪንግ መንገደኛ በሻትል ማመላለሴን ቀጥያለሁ። አንድ ነገር በሆዴ ከያዝኩ ግን ወር አልፎታል፤ ይህንን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ደብዳቤውን በሐበሻው ሱቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለሚያነብና የማኅበራችን አባል ላልሆነ ወገን ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። እኛ አርባ ሦስት ቤተሰቦች ባለፈው ዓመት፣ ከዚህ የስምንት ሰዓት መንገድ ርቆ በምዕራብ ቴክሳስ በረሃ የሚገኝ አንድ ታሪካዊ የከብት እርባታ ቦታ በጋራ ገዛን። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት የተሠራ የድንጋይ ቤት አለው፤ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ከዐለት ሥር የሚፈልቅ፣ የድሮ መንገደኞች ፈረሶቻቸውን ያጠጡበት የድንጋይ ገንዳ ያለው ምንጭ ነበረው። እውነቱን ለመናገር የገዛነው ለቤቱ ሳይሆን ለምንጩ ነው። በዚያ ሁሉ አሸዋና እሾህ መሀል ውሃ ሲፈስ ባየን ቀን፣ ከጎረቤት ከተማ ከሌዊስቪል አብረውን የመጡ እናቶች ጫማቸውን አውልቀው ገቡበት፤ ከዚያ በኋላ የተቃወመ ሰው አልነበረም። ምንጩ ካለፈው ወር ከግንቦት ጀምሮ ደርቋል። ቅዳሜ ደግሞ ማኅበሩ፣ የዚያ ቦታ ጎረቤታችን፣ የሰማንያ አንድ ዓመቷ አሜሪካዊት ወይዘሮ ሩት ውሃችንን በስውር ፓምፕ ስበው ወስደውብናል በማለት፣ ጠበቃ ቀጥሮ እሳቸውን ለመክሰስ ድምፅ ይሰጣል።

እኔም ከድምፅ አሰጣጡ በፊት የሚከተሉትን ምስጋናዎች ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

1ኛ. «ኢንጂነር» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ወሎ ውስጥ በምንጭ ማጎልበት ሥራ፣ ማለትም የምንጭን ዓይን በድንጋይና በሲሚንቶ ገንብቶ ውሃውን በቧንቧ በማውጣት ሥራ ላይ ስድስት ዓመት ግንበኛ ነበርኩ። ግንበኛ ነበርኩ እንጂ መሐንዲስ አልነበርኩም፤ የመሐንዲሱንም ቢሮ ደጁን እንጂ ውስጡን አላውቀውም። እርስዎ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት «ኢንጂነር ሞላልኝ» ብለው ሲያስነሡኝና ሕዝቡ ሲያጨበጭብ፣ እጄን አውጥቼ ስህተቱን ማረም ሲገባኝ የኮቴን ቁልፍ ቆለፍኩ። አሥራ አንድ ዓመት «ሄይ፣ ድራይቨር» ሲባል ለኖረ ሰው ያቺ አንዲት ቃል ምን ያህል እንደምትጣፍጥ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ማዕረግን ለሰው ሁሉ፣ ከራስዎ ጀምረው፣ በቸርነት የሚያድሉ ሰው ነዎትና።

2ኛ. ምንጩን እንዳሳምር አዘውኝ ሥራው ስለተመረቀበት ፎቶግራፍ አመሰግናለሁ። ገንዳው ዳር ቆመው የተናገሩት ዛሬም በጆሮዬ አለ፦ «ኢንጂነር፣ ማለቴ፣ ውሃው መሬት ለመሬት ከሄደ ፒክቸሩ ምን ያምራል? ትንሽ ሃይ አድርገውና ከላይ ይውረድ።» ክቡር ሆይ፣ በምንጭ ሥራ ላይ አንድ ሰው የመጀመሪያ ቀን አካፋ ከመያዙ በፊት የሚነገረው ነገር አለ፤ ውሃውን ከተፈጥሮ ዓይኑ በላይ ከፍ አታድርግ፣ ከታፈነ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ መውጫ ይፈልጋል የሚል ነው። እርስዎ ይህን አያውቁም ነበር፤ ባለማወቅዎ ማንም አይፈርድብዎትም። እኔ አውቅ ነበር። እያወቅኩ «ይቻላል» አልኩ፤ በምንጩ ዓይን ዙሪያ የሠራሁትን ግንብም እስከ ደረቴ ከፍ አደረግኩት። ውሃው ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ለፎቶግራፉ በሚያምር ሁኔታ ወረደ፤ እርስዎም በግራጫ ሱፍ ልብስዎ አጠገቡ ቆመው በሚያምር ሁኔታ ተነሡ። አሥራ አንድ ቀን ወርዶ ቀጠነ፤ ከዚያም ቆመ።

3ኛ. ለወይዘሮ ሩት ስላደረጉት አቀባበል አመሰግናለሁ። ግንቡን ስንሠራ ሦስት ጊዜ በዱላ ተደግፈው እስከ አጥሩ ድረስ መጥተው ነበር። በሦስተኛው ቀን እዚሁ አገር ተወልዳ ያደገችው ጸሐፊያችን ፀደንያ ሰምታቸው፣ «ጋሼ ወልዴ፣ ዋተሩን አትንኩት ነው የምትለው፤ አባቷ አንዴ ገንዳውን ከፍ፣ ሬይዝ አድርጎት ዋተሩ ሁለት ዓመት ጠፋ እያለች ነው» ስትልዎት፣ እርስዎ ዘወር እንኳ ሳይሉ «ኦኬ፣ ኢንጂነር አለን በያት» አሏት። እንደተባለችው ነገረቻቸው። ወይዘሮ ሩት ያን ጊዜ እርስዎን ትተው ወደ እኔ ተመለከቱ፤ ረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሲሚንቶ ማቡካቴን ቀጠልኩ። ከሠራሁት ሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

4ኛ. በመጨረሻም የማኅበሩ ቦርድ ባሰራጨው ጽሑፍ፣ ድሮ ያልነበረ ውሃ በወይዘሮ ሩት ግቢ ድንገት መታየቱን የስርቆት ማስረጃ አድርጎ ስላቀረበ የምርመራ ችሎታውን አደንቃለሁ። ይህን ማስረጃ እኔ ከማንም ቀድሜ አይቼዋለሁ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ለማንም ሳልነግር ብቻዬን ሄጄ ነበር። ያፈንኩት ውሃ ከአጥሩ ማዶ፣ በፍየሎቻቸው በረት ሥር ወጥቷል። የከመሩት ድርቆሽ በስብሷል፣ የበረቱ አንድ ግድግዳ ሰምጦ አዘንብሏል፣ እሳቸውም በዚያ ዕድሜያቸው ጭቃ በባልዲ እየዛቁ ነበር። ሌባ ከሆኑ፣ የሰረቁት ዕቃ በረታቸውን እያፈረሰባቸው ያለ የመጀመሪያዋ ሌባ ናቸው። ወርጄ ባልዲውን መቀበል ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን ሳያዩኝ መኪናዬን አዙሬ ስምንት ሰዓት ነድቼ ተመለስኩ። በማግስቱም ስለ ግንቡ ያዘጋጁልኝን የምስጋና ወረቀት ከእጅዎ ተቀብዬ፣ አንገቴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሣሁ። ሰው ሁሉ ትሕትና መሰለው።

ስለዚህ «ለክቡር ኢንጂነር» የሚለውን ወረቀት ከነመስታወቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። አርብ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ድጅኖና መዶሻ ይዤ ሄጄ፣ ግንቡን እስከ ተፈጥሮ ዓይኑ ድረስ አፈርሰዋለሁ። ውሃው ይመለሳል ብዬ አልዋሽም፤ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፤ ከእንግዲህ «ይቻላል» የሚለውን ቃል ስጠቀም እየፈራሁ ነው። ለወይዘሮ ሩት በረት ግን ይመለስም አይመለስም ግድግዳውን እኔ እሠራለሁ፤ ግንበኛ ነኝና ያን እችላለሁ። እናንተን አርባ ሦስት ቤተሰቦች፣ በተለይ ጫማችሁን አውልቃችሁ የገባችሁትን እናቶች፣ ይቅርታ እለምናለሁ። ቅዳሜ እጃችሁን ለክሱ ልታወጡ ያሰባችሁ ደግሞ፣ በእኔ ላይ አውጡት።

ክቡርነትዎ ይህን ረጅም ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ ባይኖረውም እንኳ፣ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ስለታገሡ እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜና ጤና፣ ከሁሉም በላይ የሰው ምክር የሚሰማ ጆሮ ይስጥልኝ እያልኩ እሰናበታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ግንበኛ ሞላልኝ ታፈሰ

ግልባጭ፦
ለአርባ ሦስቱ ቤተሰቦች
ለወይዘሮ ሩት (ፀደንያ ልትተረጉምላቸው ቃል ገብታለች)

ማሳሰቢያ፦ «ይህ ውሃ በክቡር አቶ ወልዴ ይርጉ አመራር ፈለቀ» የሚለው እብነ በረድ እንዳይሰበር፣ ከግንቡ ላይ ነቅዬ በብርድ ልብስ እጠቀልለዋለሁ። ውሃው ባለበት ይሰቀል ካሉ ቦታው አሁን የፍየል በረት ስለሆነ ባለቤቷን ማስፈቀድ ይኖርብዎታል። ትናንት ለወይዘሮ ሩት ደውዬ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ መሐንዲስም አለመሆኔን ስነግራቸው፣ «እሱንማ ሲሚንቶውን ያፈሰስክ ቀን ነው ያወቅኩት» ብለው፣ አርብ ስመጣ ቦት ጫማ እንድይዝ አስጠነቀቁኝ፤ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። ሊቀመንበሩም ለመምጣት ካሰቡ የወይዘሮዋ ሟች ባለቤት ቦት ጫማ በረንዳቸው ላይ እንዳለ ነግረውኛልና፣ የእግር ቁጥርዎን እስከ ነገ እንዲልኩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።