የሚኒስትሩ ለቅሶ

ሰኞ

ዛሬም ሚስተር ሃሮልድ ሾርባውን አልጨረሱትም። ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ሳህኑን ገፋ አደረጉት። ልጃቸው ሊንዳ ከሌላ ስቴት ደውላ፣ ሐሙስ ነርሷ ስትመዝናቸው ክብደታቸው ከቀነሰ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ አስገባቸዋለሁ አለችኝ። ለሚስተር ሃሮልድ ከዚህ ቤት መውጣት ሞታቸው ነው። እኔም ተንከባካቢያቸው ብሆንም እንደ ሥራ ብቻ አላያቸውም፤ ወድጃቸዋለሁ።

ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ባህር ኃይል ሚኒስትር ስለነበረ ሰው መጽሐፍ ይጽፋሉ። እኔ ሳልቀጠር የጀመሩት ነው።

ማክሰኞ

ስገባ መጋረጃው አልተከፈተም። “ትናንት ሞተ” አሉኝ። ክው አልኩ። ለካ ሚኒስትሩ ነው፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ ጨርሰዋል። “ከእንግዲህ ጠዋት ለማን ልነሳ?” አሉ። ቁርስ የለም። ምሳ፣ ግማሽ ሙዝ።

ከሥራ ስወጣ ፌርፋክስ ሰፈር ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት የምታበስለው እትዬ አስካለ ጋ ጎራ አልኩ። ደክሞኝ ስለነበር፣ “ሽማግሌዬ ሰው ሞቶባቸው እህል አልቀምስ አሉ” ብቻ ብያት ወጣሁ። ማን እንደሞተ አልጠየቀችም። ቤታቸውን ግን አንድ ቀን እስከ በሩ ሸኝታኝ ታውቀዋለች።

ረቡዕ

ጉዴን ዛሬ አየሁ። ቀትር ላይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ አስካለ ከሁለት ሴቶች ጋር ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮና ምስር ወጥ ይዘው ቆመዋል። “እግዚአብሔር ያጥናዎት” ብለው የሚስተር ሃሮልድን እጅ ጨብጠው ሶፋው ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሚስተር ሃሮልድ ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዘመድ የሞተብዎት መስሏቸው ነው አልኩ። ይስቃሉ ወይ ይቆጣሉ ስል፣ ቀስ ብለው፣ “ባለቤቴ ስትሞት ካርድ ነው የመጣልኝ። ሰው አልመጣም። እባክሽ አይሂዱ በያቸው” አሉ።

ለሴቶቹም እውነቱን ተናገርኩ። እትዬ አስካለ ንቅንቅ አላለችም። “ሶ የሞተው መጽሐፉ ላይ ያለው ሰውዬ ነው? ኦኬ፣ አንዴ መጥተናል። በይ ጠይቂልኝ፣ ምን ዓይነት ሰው ነበር?”

ሚስተር ሃሮልድ ስለ ሚኒስትሩ እንደ ወንድማቸው አወሩልን፤ እኔ አስተረጎምኩ። ከባህር ርቆ የተወለደ የገበሬ ልጅ። ጠበቃ ሆነ። መርከብ ላይ ሲወጣ ያስመልሰው ነበር። ሚኒስትር ሲሆን የድሮ ካፒቴኖች ሳቁበት፤ እሱ ግን በሸራ ፋንታ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች አሠራ፣ መርከበኛ አይገረፍም ብሎ ተከራከረ። ሹመቱ ሲያበቃ አገሩ ገብቶ ፖም ተከለ።

“ሚስቱስ?” አለች እትዬ አስካለ።

“ቀድማው ሞተች” አሉና ስለ ራሳቸው ሚስት ጀመሩ። ዶረቲ ነው ስሟ። አለቀሱ፤ እኛም አለቀስን። እትዬ አስካለ መሐል ላይ ስታጎርሳቸው እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ራሳቸው በሉ።

ሐሙስ

ነርሷ መዘነቻቸው። ትንሽ ቀንሰዋል። አንድ ቀን በልተው ምን ሊጨምሩ ኖሯል፣ ግን ልቤ ተሰበረ። ሊንዳ ስትደውል የትናንቱን ነገርኳት። “ስለ እናቴ አወራ?” አለች። ድምጿ ተለወጠ። የነርሲንግ ሆሙን ነገር እስኪ ትንሽ እንይ አለች፤ ትንሽ ምን ያህል እንደሆነ አልነገረችኝም።

ምሳ ሳቀርብ ሚስተር ሃሮልድ ሸሚዝ ቀይረው፣ ወንበሮቹን በሙሉ ወደ ጠረጴዛው ስበው አገኘኋቸው።

“ዛሬስ ይመጣሉ?” አሉኝ።

ሥራ ላይ ናቸው ማለት አቃተኝ። ኩሽና ገብቼ እትዬ አስካለ ጋ ደወልኩ።