የድንጋዮቹ ሰልፍ

ጥቅምት 4፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ትናንት አጋሮ ሄጄ ሰዉን ያነሳሁበትን ፊልም ፎቶ ቤት ውስጥ እያጠብኩ ነው። እጄ ኮምጣጤ ይሸታል። ግማሹ አጋሮ ዓይኑን ጨፍኗል። ቡናቸውን ሸጠው አዲስ ኮት ያሰፉ አንድ ሰውዬ አሉ፤ የልብስ ሰፊው ነጭ ክር ከደረታቸው ላይ ሳይፈታ ደረታቸውን ነፍተው ተነስተዋል። ክሩን ሳነሳቸው አይቼዋለሁ። አልነገርኳቸውም። እንዴት ይነገራል!

ጠዋት ደግሞ ተዝናናሁ። ስኳር ይመጣል ተብሎ ቀበሌው ሱቅ በር ላይ ሰልፍ አለ። ሰው አይደለም፣ ድንጋይ ነው። አንቺ ደብተር ስለሆንሽ ስኳር አያሳስብሽም፣ ላስረዳሽ። ሰዉ ማታ ድንጋዩን፣ ቆርቆሮውን፣ ቅዳጅ ቅርጫቱን ይደረድርና ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ጠዋት መጥቶ ከድንጋዩ ጀርባ ይቆማል። እኔ ጎህ ሲቀድ እመጣና ጥቂቱን አዘዋውራለሁ። ፊተኛው ኋለኛ ይሆናል። ከዚያ ጥግ ይዞ ጭቅጭቁን መስማት ነው። ዛሬ አዴ ሶፊ፣ በርበሬ ሻጯ፣ ሰልፉን አስቁማ፣ ድንጋዬን አውቀዋለሁ፣ ድንጋዬ አፍንጫ አለው ብላ ማለች። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ማንም አላየኝም።

አንድ የኮሌጅ ተማሪ ፊልም ትቶ ሄደ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ዮናስ። እኔ ዶ/ር ጀርባ ብዬዋለሁ። ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የጅማን መርካቶ ይዞራል፤ ሰውን ቀና በል፣ ፈገግ በል አይልም። የሚያነሳው ጀርባ ነው፣ የሚያነሳው የሚያዛጋ ሰው ነው። ማን ይገዛሃል አልኩት። ለሽያጭ አይደለም አለ። ታዲያ ለምን? ትከሻውን ነቀነቀ። ከስምንተኛ ክፍል ስለወጣሁ ይሆናል ያልገባኝ።

ጥቅምት 6፣ አመሻሽ

የዶ/ር ጀርባን ፊልም አጠብኩ፣ አተምኩ። ልስቅበት ተዘጋጅቼ ነበር።

ቡና መጋዘን በር ላይ አንድ ተሸካሚ ከነጆንያው። ፊቱ አይታይም፤ የአንገቱ ጅማት ግን ይናገራል። ፀጉር አስተካካዩ መስተዋት ውስጥ በግማሽ የተላጨ ሕፃን፣ ሊያለቅስ ሲል። የጅሬንን ዳገት አልወጣም ብላ የቆመች አህያ፤ ባለቤቷም አጠገቧ ቆሟል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ፊት። በየቀኑ የምሄድበት መንገድ ነው። ይቺን አህያ አውቃታለሁ፣ ሰላም እንባባላለን! እንዴት እሱ አያት?

ከዚያ ነጃት ወጣች።

ነጃትን ከዚህ በፊት አልጻፍኩልሽም፤ ሆን ብዬ ነው። ከፎቶ ቤታችን ፊት ለፊት፣ አባቷ ልብስ በሚሰፉበት በረንዳ ላይ፣ ቁልፍ ትተክላለች። ፎቶው ላይ ክሩን በጥርሷ ልትበጥስ ስትል የሆነ ነገር አስቋታል። ክሩ በጥርሷ እንዳለ። ስንት ዘመኔን ነው እሷን በማሳቅ የጨረስኩት! እኔ ሳስቃት በሻሿ አፏን ትሸፍናለች፣ ወይ ቁልፍ ትወረውርብኛለች። እንዲህ ስቃልኝ አታውቅም። ጥርሷ ከጎን ትንሽ እንደተደረበ ዛሬ ነው ያየሁት። ከወረቀት ላይ።

ጋሽ መኮንን፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ገቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ፎቶዎቹን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። አንድ በአንድ አገላበጧቸው። ይሄ ልጅ ዓይን አለው አሉ በመጨረሻ።

ለእኔ ካሉኝ ሁሉ ትልቁ "እጅህ ፈጣን ነው" ነው። የሌባ ሙገሳ!

ይባስ ብለው ከመስኮቱ እኔ ያነሳኋትን ሙሽሪት አውርደው የእሱን አህያ ሰቀሉ። ጅማ ሁሉ የሚያልፍበት መስኮት። ሙሽሪት ወርዳ አህያ ወጣች።

ይሄ ቅናት ነው? አይደለም። ቃር ነው።

ጥቅምት 9፣ እኩለ ቀን

ቃር አይደለም። ቅናት ነው።

የፎቶ ቤቱን ካሜራ ይዤ ወጣሁ። እሱ የቻለውን እኔ የማልችልበት ምክንያት? መርካቶ ስገባ ሥጋ ሻጩ ከሩቅ፦ "ሸምሱ! ቆይ፣ ኮቴን ልልበስ!" ሊስትሮዎቹ ጫማውን ጥለው ተደረደሩ። ከኋላ ላነሳው የሄድኩት ሁሉ ዞሮ ይቆማል፣ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። አንድ ሽማግሌ የእህል መጋዘን ጥግ ጥላ ላይ ተኝተው አገኘሁ። ጫማዬን አወለቅሁ። ትንፋሼን ዋጥኩ። ቀስ ብዬ ተጠጋሁ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "ጉርድ ነው ሙሉ?" አሉኝ።

ዶ/ር ጀርባ ግን እንደ ግድግዳ ነው። ቆሞ ሰዉ ይረሳዋል። እኔ ከመድረሴ በፊት ጩኸቴ ይደርሳል። ዝም ልበል ብዬ ሞከርኩ። ከሰዓት በፊት ሙሉውን ዝም አልኩ። ነጃት አሞሃል እንዴ አለችኝ፣ ፈርታ።

አሁን እሱ በረንዳዋ ላይ ተቀምጧል። ሻይ ሰጥተውታል። በስኳር! አባቷ ለእኔ በጨው ነው የሚሰጡኝ። ካሜራውን እያሳያት ነው። በቀዳዳው አየች። ወደ እኔ አዞረችው። ምላሴን አወጣሁ።

ጥቅምት 11፣ ሐሙስ

ኡፍ፣ ዛሬ! ልንገርሽ፣ ቶሎ፣ ሳቄ ሳያልቅ።

ገበያው ጢም ብሏል። ዶ/ር ጀርባ በርበሬ ተራ ውስጥ ካሜራውን ደግኗል። እኔ ወደ አዴ ሶፊ ጆሮ ጠጋ አልኩ፣ በኦሮምኛ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ያ ካሜራ የውጭ ነው፣ ከልብስ ሥር ያሳያል አልኳት። ሂድ ውሸታም አለችኝ። ወላሂ፣ ፊልሙን የማጥበው እኔ አይደለሁ? አይቻለሁ አልኩ። ሚዛኗን አስቀመጠች።

"የእኔንም?"

"ያንቺንም።"

የቀረው እኔን አላስፈለገም። ወሬው ከበርበሬ ወደ ቅቤ፣ ከቅቤ ወደ ጫት ተራ ሮጠ። ሴቶቹ ከበቡት። ጃንጥላ፣ የጫት ቀንበጥ፣ አንድ ሙሉ ዱባ። እሱ ምን እንዳደረገ አያውቅም፣ ይቅርታ ይላል፣ ይቅርታ ሲል የባሰ አመነ ተባለ። አዴ ሶፊ ነጠላዋን ሦስቴ ጠምጥማ ትጮሃለች። እኔ የጨው ጆንያ ላይ ተደፍቼ

ቆይ።

ሳቄ አልቋል፣ ልጻፈው። አባ መጫ፣ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ፣ ከነጠመንጃው መጣ። ይገላግለዋል ብዬ ነበር። ካሜራውን ከአንገቱ አወለቀ። አንገትጌውን ይዞ ወሰደው። የልጁ መነጽር መሬት ወድቆ ነበር፣ ሰው ረገጠው። ነጃት በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። እሱን አላየችም። እኔን ነው ያየችው።

ጥቅምት 12፣ ከሰዓት በኋላ

አልፈቱትም። የልብሱ ነገር ተረስቷል። አሁን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ለማን ነው የምታነሳው? ለማንም አይደለም ብሏል። ከዚህ የከፋ መልስ የለም።

ቀበሌ ሄድኩ። ሊ/መንበሩ ፊት ቆሜ የእኔ ቀልድ ነው አልኩ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። አላሳቃቸውም። "አንተን እናውቅሃለን። ቀልድህን ገበያ አውለው። ሰው ያለ ክፍያ፣ ያለ ምክንያት፣ የሰው ጀርባ ያነሳል?" አሉ። እኔም ይሄንኑ ነበር የጠየቅኩት።

በሽቦው መስኮት በኩል አየሁት። ያለ መነጽር ፊቱ እንደ ሕፃን ነው። አላወቀኝም መሰለኝ፤ ወይ አወቀኝ።

ነጃት የስፌት መኪናዋን ወደ ግድግዳው አዙራለች። በረንዳው ሥር ቆሜ ጠራኋት። ጀርባዋን ሰጥታ፣ "ሂድና አሁን ሳቅ" አለችኝ።

10 ሰዓት ላይ አባ መጫ ከካሜራው የወጣውን ፊልም ይዞ መጣ። ትእዛዝ፦ ይታጠብ፣ ሁሉም ፎቶ ይታተም፣ ነገ ለሊ/መንበሩ ይቅረብ። አንድም እንዳይቀር። ጋሽ መኮንን ተቀብለው ለእኔ ሰጡኝ። ዛሬ ፈጣን እጅ አይደለም የምፈልገው አሉ።

ጥቅምት 13

አባ መጫ ጠመንጃውን ጉልበቱ መሃል አድርጎ ደንበኛ ወንበር ላይ፣ ሐይቅና ዝይ በተሳለበት የፎቶ መጋረጃ ፊት ተቀምጧል። እኔ ጨለማ ክፍል ነኝ። በቀይ አምፖል ነው የምጽፈው፣ ፊደሌን ታገሺው።

ፊልሙ ንጹሕ ነው። ቡና ለቃሚ ሴቶች። ሻይ ቤት። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ፍየል ሲከራከሩ፣ ፍየሏ ጣልቃ ገብታ። አባ መጫ ጥበቃ ላይ አንቀላፍቶ፣ እግሩ ሥር ዶሮ። ደስ አለኝ፣ ይፈቱታል አልኩ።

ከዚያ ያኛው።

የቀበሌው ሱቅ በር፣ ተቆልፏል። ከበላዩ ስለ ምርት መትረፍረፍ የተጻፈው ትልቁ መፈክር። ከሥሩ ሰልፉ፦ ድንጋይ፣ ቆርቆሮ፣ ድንጋይ፣ ቅርጫት፣ ድንጋይ። ጭጋግ። ሰው የለም። ግን ሰው ናቸው። ወላሂ፣ ሰው ናቸው፤ አንዱ አዘንብሏል፣ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ተጠግቷል፣ አንዱ ተስፋ ቆርጧል። አዴ ሶፊ እውነቷን ነው፣ ድንጋይዋ አፍንጫ አለው።

በሰልፉ ጫፍ ደግሞ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ሁለት ድንጋይ፣ አፉን ከፍቶ ብቻውን ይስቃል።

እኔ ነኝ።

አይቶኝ ነበር። ለማንም አልተናገረም። እኔ ስንት ሺህ ሰው አንስቼ የራሴ ያለኝ አንድ ጉርድ ነው፣ የቀበሌው መታወቂያ ላይ፣ እሱም ዶሮ የሰረቀ ያስመስለኛል። እዚህ ግን ቆንጆ ነኝ። ትንሽም ብቸኛ ነኝ። ይሄንን ከየት አየው?

ይሄ ፎቶ ጠረጴዛቸው ላይ ከደረሰ ዶ/ር ጀርባ ከዚያ ክፍል አይወጣም። መፈክሩ፣ የተቆለፈው በር፣ ድንጋዩ። ትርጉሙ ለእኔ ከገባኝ ለሊ/መንበሩ አይጠፋቸውም። እኔም አብሬው ነኝ።

ጋሽ መኮንን በጨለማ ክፍሉ መጋረጃ ገብተው ፊልሙን ወደ ብርሃኑ አስጠጉ። ያቺ ላይ ቆሙ። ጢማቸው ተንቀሳቀሰ። "እድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ አንድ አላነሳሁም" አሉ። ከዚያ ምላጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

አንቺ ደብተር፣ ለሌላ አልናገረውም። ምላጩን ሳነሳ ውስጤ የሆነ ነገር ደስ አለው። ትንሽ። ከእሱ ፎቶዎች ሁሉ ትልቁን የማጠፋው እኔ፣ ያውም በጥሩ ምክንያት። እሱን ለማዳን ነው፤ እውነት ነው። ደስ ያለኝም እውነት ነው።

መጀመሪያ አንድ አተምኩ። ወረቀቱን ምስሉን ወደሚያጸናው የመጨረሻው መድኃኒት አላስገባሁትም። በቀይ አምፖሉ እርጥቡን ይዤ አየሁት፣ እስኪበቃኝ። አልበቃኝም።

ከዚያ አባ መጫ የተኛበትን ፎቶ ይዤ በመጋረጃው አንገቴን አወጣሁና አሳየሁት። ጠመንጃውን መሬት አስቀመጠ። "ማሎ ሸምሱ፣ ማሎ ልጄ" አለ። ልመናው በአማርኛም ቀጠለ። ይሄ ከጠፋ ሌላም አንድ ይጠፋል፣ ፊልሙ እጥበት ላይ ተጣብቆ ተበላሸ ትላለህ አልኩት። ሌላው ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም። ሲታጠብ አይኔ እያየ ተበላሸ እላለሁ አለ።

ሁለቱን ከፊልሙ ላይ ቆረጥኩ። አቃጠልኳቸው። ይሸታል።

መጋረጃውን ገለጥኩ። ብርሃኑ ገባ። እርጥቡ ወረቀት እጄ ላይ ጠቆረ፤ መጀመሪያ ጭጋጉ፣ ከዚያ ድንጋዮቹ፣ በመጨረሻ አፌ።

ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ተፈታ። ሊ/መንበሩ ፎቶዎቹን ወደዋቸዋል። ቡና ለቃሚዎቹን ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለው ለመጣ ሁሉ "ይሄ ነው ሥራ" ይላሉ። ካሜራውንና ፊልሙን መልሰውለታል። ሰልፉ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይሄን ተቀባብሎታል። እኔ ዛሬ ድንጋይ አልነካሁም። አዴ ሶፊ ተራዋ ደርሶ ስኳር ስታገኝ አየሁ፤ ግራ ገብቷት ሁለቴ ዞር ብላ አየች።

አሁን በመስኮቱ፣ ከአህያዋ ጎን፣ አየዋለሁ። መንገዱ ዳር ቆሟል። መነጽሩ በነጭ ክር ታስሯል፤ የነጃት ክር ነው፣ አውቀዋለሁ። ፊልሙን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ ጫፉን በጣቱ ዳበሰ። የተቆረጠበትን አገኘው። እንደገና ዳበሰ። ነጃትን አንድ ነገር ጠየቃት። ወደዚህ ጠቆመች።

ጋሽ መኮንን ተጣብቆ ተበላሸ በለው፣ ያበቃል አሉኝ። አልልም። ወስኛለሁ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ለምን እንደቆረጥኩ እነግረዋለሁ። ደስ እንዳለኝም። ቀልድ አልጨምርበትም፣ ቢቻል። ከፈለገ ይምታኝ፤ መነጽሩን ይዤለት እቆማለሁ።

ግን አንድ ነገር አለ፣ አሁን ነው የመጣልኝ። እሱ አነሳው እንጂ አላየውም። ወረቀት ላይ አላየውም። በዓለም ላይ ያንን ፎቶ ታትሞ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። በዚህ እሱ በእኔ ይቀናል። እንዲህ ያለውን ነገር ስመኝ ነበር የከረምኩት፤ ሲመጣ ደስ አይልም።

ስለዚህ አንድ በአንድ እነግረዋለሁ፣ እስኪያየው ድረስ። መንገዱን እየተሻገረ ነው። ከየት ልጀምር? ከበሩ አይደለም፣ ከመፈክሩም አይደለም። ከፊተኛው ድንጋይ። ፊተኛው ድንጋይ ትንሽ ነበር፣ ጠፍጣፋ፣ ሕፃን ልጅ ያስቀመጠው ይመስላል፣ ወደ በሩ በጣም ተጠግቶ፣ እንዲያውም ጆሮውን