ለመምከር ደግሞ ትምህርት?

ውድ እታለም፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ያ የቀኝ ጉልበትሽስ ደረጃ ስትወጪ ቀጭ ቀጭ ማለቱን ተወ ወይስ አሁንም ከአንቺ ቀድሞ ቤት ይገባል? እማዬስ እንዴት ናት? ጆሮዋ ባሰባት ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ በግራዋ በኩል ሲያናግሯት ትሰማ የነበረው እሱም ቀረ እንዴ? ምግብ ይረጋላታል? መነጽሬ ጠፋ እያለች ቤቱን ስታምስ አሁንም ራሷ ላይ ነው የምታገኙላት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እኔ ባለፈው ወር አውራ ጣቴን በመዶሻ ከመምታቴ በቀር የማወራልሽ ሕመም የለኝም፤ ጥፍሩም መብቀል ጀምሯል።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ጮክ ብዬ ለባለቤቴ። ልጅሽ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ጭምትና በተማሪ የተወደደች ስለሆነች የተማሪዎች አማካሪ ሊያደርጓት እንደፈለጉ፣ እሷ ግን መጀመሪያ ሄጄ ሁለት ዓመት ልማር ብላ እንዳስቸገረችሽ፣ መልሱም እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚፈለግ ነግረሽኛል። ከዚያ ደግሞ፣ ለመምከር ደግሞ ትምህርት? አክስቶቿ ሁሉ ሳይማሩ ሲመክሩ አይደል የኖሩት? አንተ ትምህርት ቤት ነው የምትሠራው፣ እስቲ ጠይቅና እሷንም አርፈሽ ሥራውን ተቀበዪ በልልኝ ብለሻል። እማዬን እያነሳች የምታጥብልሽ እሷ መሆኗንም አልደበቅሽኝም። ከሁለት ወር በፊት ጽፈሽልኝ ቢሆን ኖሮ ማንንም ሳልጠይቅ እውነትሽን ነው ብዬ እመልስልሽ ነበር።

ግን እዚህ አዲስ አማካሪ መጥታልን ክፍሏን የማበጅላት እኔ ሆንኩ። ዕድሜዋ ከልጅሽ ብዙም አይርቅም። ባዶ ሰፊ ክፍል እያለ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለችውን የድሮ የጠመኔ ማስቀመጫ መረጠች። ምን ነክቶሽ ነው ስላት፣ በዚህ በኩል የሚያልፍ ልጅ መጽሐፍ ሊዋስ ይሁን እኔ ጋ ሊመጣ ማንም አያውቅበትም አለችኝ። በሩ ላይ የምሰቅለው «የምክር ክፍል» የሚል ጽሑፍ ከጥሩ እንጨት ፈልፍዬ ሠርቼላት ነበር፤ ሦስት ቀን ለፍቼበታለሁ። ከልቧ አመስግናኝ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ቅር አለኝ፣ አልዋሽሽም።

ወንበሩም እንደዚያው ሆነ። አክብሬያት ለእሷ መደገፊያው ከፍ ያለ፣ ለልጆቹ ዝቅ ያለ አቀረብኩ። ሁለቱን እኩል አድርግልኝ አለች። ጠረጴዛውንም ከመሃል አስነስታ ወደ ግድግዳው አስጠጋችው፤ የልጁ ወንበር ለበሩ ቅርብ ይሁን፣ መሄድ ሲፈልግ እኔን ዞሮ ማለፍ የለበትም አለችኝ። እኔማ ይቺ ልጅ ሰውን ልታስቀምጥ ነው ወይስ ልታስመልጥ ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

በሩ ግን አሳበደኝ። መስታወት ያለው በር ትፈልጋለች። እሺ ብዬ መሃል ለመሃል ሰፋ ያለ መስታወት ገጠምኩላት። በልጁ ወንበር ላይ ቁጭ በል አለችኝና ወጥታ በመስታወቱ አየችኝ። ተመልሳም፣ ፊትህ ይታያል፣ ብታለቅስ ኮሪደሩ ሁሉ ሊያይህ ነው አለች። እንግዲያው ድፍን በር ላድርግልሽ አልኳት። እሱም አይሆንም፤ አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ማንም በማያይበት ክፍል መዘጋት የለበትም፣ እኔ ልታይ፣ እሱ አይታይ አለችኝ። ሠላሳ ዓመት በር ስገጥም እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰምቼ አላውቅም። ነቅዬ፣ መስታወቱን አጥብቤ ወደ እጀታው ጥግ ወሰድኩት፤ የልጁ ጉልበት ታየ። ደግሜ ነቀልኩት።

ከዚህ በኋላ ልቤ አላርፍ አለ። ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ? አንቺም ታውቂኛለሽ፣ አንድ ነገር ከከነከነኝ እንቅልፍ የለኝም። እየላግሁ መጠየቅ ጀመርኩ። ስንት ዓመት ተማርሽ? ሥነ ልቦና አራት ዓመት፣ ከዚያ የምክር አገልግሎት ሁለት ዓመት። ከዚያም ወዲያ ብቻዋን አልለቀቋትም፤ አንዲት ልምድ ያላት ሴት እየተከታተለቻት አንድ ዓመት ሙሉ ሠርታ ነው የሙያ ፈቃድ የተሰጣት። አሁንም በወር አንዴ ወደዚያች ሴት ትሄድና የልጆቹን ስም ሳትጠራ የከበዳትን ታማክራለች። አማካሪም ትመከራለች እንዴ ብዬ ሳቅሁባት። እሷም እየሳቀች፣ ያለዚያማ የሰማሁትን ሁሉ ይዤ ገብቼ እናቴ ላይ ነው የምጮኸው አለችኝ።

ታዲያ ምን ብለሽ ነው የምትመክሪያቸው ስላት፣ ብዙውን ጊዜ አልመክርም አለች። መሮዬን አስቀምጬ፣ ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ አልኳት። እሰማለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ ልጁ የሚያዋጣውን ራሱ እስኪያገኘው አብሬው እፈልጋለሁ አለችኝ። አየሽ፣ እኛ ቤት ና ተቀመጥ ልምከርህ ከተባልን መጀመሪያ የሚቀላው ጆሯችን ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ አልገባ አለኝ። የትምህርት ምርጫ የጨነቀው ይመጣል፣ ወላጅ የሞተበት ይመጣል፣ እናትና አባቱ ሲለያዩ ከማን ጋር እንደሚሆን ግራ የገባው ይመጣል። ከአቅሟ በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም ትልካለች፤ ከአቅሜ በላይ የቱ እንደሆነ ማወቁ ራሱ ብዙ ትምህርት ይጠይቃል ትላለች። የነገሯትንም ለሰው አታወራም፤ ልጁ ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ካልሆነ፣ ወይ እሱን የሚጎዳው ሰው ከሌለ በቀር። ይህንንም ገና አንድ ቃል ሳይተነፍስ አስቀድማ ትነግረዋለች። እኔም ፈትኛታለሁ። አንዲት ተማሪ ዓይኗ አብጦ ስትወጣ አየሁና፣ ፍቅፋቂ የምጠርግ መስዬ ያቺ ልጅ ምን ሆና ነው አልኳት። ማጠፊያው ዘይት ሳያስፈልገው አይቀርም ብላ አሳለፈችኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ሦስተኛውን መስታወት ገጠምኩ። ልሞክረው በልጁ ወንበር ተቀመጥኩ፤ እሷም በራሷ ተቀመጠች። ጥበቃውን ጠርተን ከኮሪደሩ ማን ይታይሃል አልነው። እሷ ብቻ ብሎን ሄደ። ያኔ መነሳት ነበረብኝ፤ አልተነሳሁም። እሷም ተነሳ አላለችኝም። ከመሬት ተነስቼ፣ እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት አልኳት።

እታለም፣ እናንተ ትምህርት የተውኩት እጄ ወደ እንጨት ስላደላ ነው ትላላችሁ። እኔም እንዲያ ስትሉ ዝም ብዬ እሰማለሁ። እውነቱ እሱ አይደለም። ሁለት ከእኔ የሚበልጡ ልጆች ነበሩ። በየቀኑ መንገድ ላይ ይጠብቁኝና በጉልበቴ እያስኬዱ ይስቁብኝ ነበር። ሱሪዬ ለምን ጉልበቱ ላይ እንደሚያልቅ ስትጠይቂኝ ኳስ ነው እልሽ ነበር፤ አንቺም እየተቆጣሽ ትጥፊልኝ ነበር። የስፖርት አስተማሪያችን ትዝ ይልሻል? ሁላችንም የምንወደው፣ ሳቂታው? ተማሪ ስለሚወደው እሱንም እንዲሁ አማካሪ አድርገውት ነበር። እንደ ምንም ደፍሬ ነገርኩት። እንባው መጣ። በማግስቱ ጠዋት ሰልፍ ላይ ስሜን ጠርቶ ከፊት አቆመኝ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ ይህን ልጅ በጉልበቱ ያስኬዳችሁት ኑ ውጡ አለ። ሊያድነኝ ብሎ ነው እኮ። ክፋት በአጠገቡ አላለፈም። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ቅስሜ ተሰበረ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሬን ይዤ የምወጣው ወደ አናጢው ቤት ነበር፤ እዚያ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም።

ይህን ስነግራት አማካሪዋ አይዞህ አላለችኝም፣ ይህን አድርግ ያንን ተው አላለችኝም። ያኔ ለማን ብትነግር ትወድ ነበር ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ለእህቴ አልኳት።

ስለዚህ ተቀበዪ በልልኝ ያልሽውን አልልልሽም። ልጅሽ ትሂድ፣ ትማር። ደግነት እንዳላት አውቃለሁ፤ ያ ሰውዬም ደግ ነበር። ልጅ ምስጢሩን ደፍሮ የሚናገረው አንዴ ነው። እኔ አንዴ ተናግሬ፣ ሁለተኛውን ለመናገር ሠላሳ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ስለ እማዬ አታስቢ፤ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል፣ ልጅሽ እስክትመለስ እኛ ጋ ትሁን። የመታጠቢያ ቤቱን ደፍ አንስቼ በሩን አስፍቼዋለሁ፣ ግድግዳው ላይም መያዣ እንጨት አድርጌያለሁ። አንቺም ብቻዬን ምን እሠራለሁ ካልሽ አብረሻት ነይ፤ አልጋ መሥራት አያቅተኝም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ልጅሽን አጎትሽ ኮራብሽ በይልኝ፤ ለርዕሰ መምህሩም ሳትፈራ ትመልስ። ጎረቤትሽን ልብስ ሰፊዋን፣ ለደጅሽ ቅርብ ስለሆነች፣ ሰላም በያት። ባለቤቴን በጣም ናፍቀሻታል፤ ትልቋ ልጄ አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው ትላለች፤ ትንሹ ደግሞ በዚህ ወረቀት ጀርባ ላይ የሣለው አንቺን ነው ተብያለሁ።

ስትመልሺልኝ፣ እታለም፣ አደራሽን አትምከሪኝ። ሰምቼሃለሁ ብለሽ ብቻ ጻፊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከትምህርት ቤቱ የእንጨት ሥራ ክፍል
ሐሙስ፣ ጥር 16 ቀን