የዘር ቆጣሪዋ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ተክለ ጊዮርጊስ (1938–2017 ዓ.ም.)

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ከአባታቸው ከግራዝማች ተክለ ጊዮርጊስ ህሩይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሩፋኤል ኅዳር 12 ቀን 1938 ዓ.ም. በደምቢያ፣ ከኮላ ድባ የአንድ ሰዓት መንገድ በሚርቀው የአባታቸው ርስት ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ በ1946 ዓ.ም. ጎንደር ከተማ ገብተው ዘመናዊ ትምህርት ጀመሩ። ሌላውን ትምህርት ግን ያስተማሯቸው አባታቸው ናቸው። ግራዝማች ክረምት በመጣ ቁጥር ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ማን ማንን እንደ ወለደ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተጋባ ያስጠኗቸው ነበር። አመተ ሥላሴም በአሥራ ሦስት ዓመታቸው የቅድመ አያታቸውን የደጃዝማች ገብረ ኪዳንን ዘር ሁሉ አንድ ሰው ሳይዘሉ ይቆጥሩ ነበር።

ደጃዝማች ገብረ ኪዳን ልጃቸውን ለጎንደሩ ባለጸጋ ለነጋድራስ ሐብተ ማርያም ድረው ነበርና ሁለቱ ቤቶች ከዚያ ጀምሮ ተዛምደዋል። ሟች ሲቀልዱ፣ እኛ ስም ይዘን ሄድን፣ እነሱ ሙክት እየነዱ መጡ ይሉ ነበር። ቀልዱን የነጋድራስ ወገኖች ብዙም አይወዱትም ነበር።

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ በ1957 ዓ.ም. በአዋላጅ ነርስነት ተመርቀው እስከ 1993 ዓ.ም. ድረስ ሠላሳ ስድስት ዓመት አገልግለዋል። ዛሬ እዚህ ከቆምነው መካከል በእጃቸው የተወለደው ቀላል አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የጠዳውን የእህል ነጋዴ አቶ አስማረን አግብተው ብርቱካንን፣ ሄለንንና ምስጢርን ወልደዋል። አቶ አስማረ ከሁለቱም ቤት ያልሆኑ፣ ሲበዛ ዝምተኛ፣ ሸጋ ሰው ነበሩ። በ1998 ዓ.ም. አርፈዋል።

በአገራችን ወግ ተጫጮቹ ከአንድ አያት የሚገናኙ ከሆነ ሰባት ቤት መራራቅ አለባቸው። ስለዚህ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሰው ወደ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ይመጣ ነበር። እሳቸውም በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ይሆናል ወይም አይሆንም ይላሉ። አይሆንም ካሉ በቃ፣ አይሆንም ነው። ቄሱም ሽማግሌውም የእሳቸውን ቃል ተቀብለው ይመለሳሉ።

በ1974 ዓ.ም. ታናሽ እህታቸው ዓይናለም የኮላ ድባውን መምህር ደመቀን ላግባ አለች። ደመቀ የነጋድራስ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። ወደደችው ማለት ያንሳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮላ ድባ የሚመጣውን መኪና ድምፅ ለይታ ታውቀው ነበር። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ቆጠሩ። ከደጃዝማች ሲነሳ በእሷ በኩል ሦስት፣ በእሱ በኩል አራት ሆነ። አይሆንም አሉ። ደመቀ ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ አግብቶ፣ ወልዶ፣ በ2003 ዓ.ም. አረፈ። ዓይናለም አላገባችም። በለቅሶው ዕለት ከሰው ኋላ ቆማ አልቅሳ፣ ማንም ሳያያት ወደ ቤቷ ተመልሳለች።

ቆጠራው ግን ትክክል አልነበረም። ስህተት ነው እንዳይባል፣ ሟች ያውቁት ነበር። አባታቸው በ1955 ዓ.ም. ሊያርፉ ሲሉ አንድ ነገር ነግረዋቸው፣ እንዳይናገሩትም አስምለዋቸዋል። አያታችን ቀኛዝማች ህሩይ የደጃዝማች የአብራክ ልጅ አልነበሩም። እናታቸው ከጭልጋ መጥተው በደጃዝማች ግቢ እህል ይፈጩ የነበሩ፣ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። እሳቸውም ሲሞቱ ደጃዝማች ሕፃኑን አውራ ጣታቸውን በማር ነክረው አጥብተው፣ በሽማግሌ ፊት ልጄ ነው አሉ። ርስት ሰጡት፣ ስም ሰጡት። የፈጪዋን ስም ግን የያዘ ሰው የለም። በ1974 ዓ.ም. ርስቱ ተወርሶ፣ ማዕረጉም ቀርቶ፣ ለቤተሰቡ የተረፈው የደጃዝማች ልጆች መባል ብቻ ነበር። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ያንን ጠበቁ። የጠበቁትም በእህታቸው ዕድሜ ነው።

በ2010 ዓ.ም. የብርቱካን ልጅ ሕሊና ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረውን ወንድምአገኝን ልታገባ ሆነ። ወንድምአገኝ የደመቀ የወንድም ልጅ ልጅ ነው። ዘመድ ተሰበሰበ፣ የነፍስ አባታቸውም ተገኙ፣ ተቆጠረ። በእሷ አምስት፣ በእሱ ስድስት ሆነ። ሕሊና ከአያቷ እግር ሥር ተቀምጣ ነበር፤ አላለቀሰችም፣ ነጠላዋን ብቻ ፊቷ ላይ ሳበችው። ያን ጊዜ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

“አባቴ፣ ቆጠራው ሐሰት ነው። ህሩይ የጡት ልጅ ናቸው። እኛ የደጃዝማች ዘር አይደለንም፤ የፈጪ ልጆች ነን። ይህን ሃምሳ አምስት ዓመት ደብቄዋለሁ።”

ቀጥሎ የአጎት ልጆች ምነው በስተርጅና ታዋርጂናለሽ ብለው ተቆጡ፤ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ቂሙን አልተዉትም። የነፍስ አባታቸው ሊቃውንቱን ጠይቀው በሳምንቱ ተመለሱና የጡት ልጅነት ከልጅ አልፎ የልጅ ልጅን አያግድም አሉ። ሠርጉ በጥር 2011 ዓ.ም. ሆነ። ዛሬ ሕሊናና ወንድምአገኝ ሁለት ልጆች አሏቸው።

ዓይናለም ያን ቀን በዚያ ቤት ነበረች። ወጥታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ግቢ ኖረው ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም።

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በልብ ሕመም ተያዙ። ሐኪም ቤት ሲገቡ ልጆቻቸው በተራ አደሩ፤ ቀን ቀን ዓይናለም ተቀመጠች። እግራቸውን ታጥባለች፣ አጥሚት ታጠጣለች፣ አትናገርም። አንድ ከሰዓት በኋላ እጇን ያዟት።

“ዓይኔ፣ ታሪኬን አንቺ ጻፊው። እሱን እንዳትዘዪው።”

“አልዘለውም” አለች።

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ በአዘዞ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ከኋላቸው ሦስት ልጆች፣ ሰባት የልጅ ልጆች፣ ሁለት የልጅ ልጅ ልጆችና አንዲት እህት ትተዋል።

ይህን የጻፈችው ያች እህት ናት። በተሰጣት አደራ መሠረት አልዘለለችውም። ቂሟ አልለቃት ብሎ በዚያ አልጋ አጠገብ ልትለው የሚገባትን ቃል ሳትል ቀርታለች፤ ስለዚህ በዘመድና በጎረቤት ፊት እንዲነበብላት እዚህ ጽፋዋለች።

እታለም፣ ይቅር ብዬሻለሁ። ዘገየሁ። አንቺም ዘግይተሽ ነበር። አምላክ ነፍስሽን ከእናቶቻችን ከሣራና ከርብቃ አጠገብ ያሳርፍልኝ። አሜን።