ለመዘምራኑ መድረክ የተሰጠው ብሎን

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ዛሬም ሲዘንብ ዋለ። የቆሰበር ከተማ ዝናብ ነው፣ ምን ይደረግ። የመድረኩን እግሮች አቆምኩ። ሦስት ደረጃ ነው፤ ላይኛው ደረቴ ጋ ይደርሳል። እሑድ የዳንግላ መዘምራን ከእኛዎቹ ጋር ይዘምራሉ። ልጄ መቅደስም የምትቆመው ላይኛው ላይ ነው። መቼም የእነሱ መዝሙር ተቁሞ አይዘመርም፣ ይዘለላል።

የቤ/ክ ሽማግሌው ጋሽ አየነው አንድ ካርቶን ብሎን ይዘው መጡ። ለመድረኩ ስጦታዬ ነው አሉ። ጸለዩበት፣ አሜን አልኩ። ስከፍተው ያ ጥቁሩ፣ ቀጭኑ የጂፕሰም ብሎን። አመስግኜ ካርቶኑን መልሼ ዘጋሁት።

ሐሙስ፣ 14

አልተኛሁም። ይህ ብሎን የኮርኒስ ሰሌዳ ለመያዝ ነው እንጂ ሰው ለመሸከም አይደለም። አንዱን እንጨት ላይ አስገብቼ ጎኑን በመዶሻ መታሁት። ቀጭ አለ፣ ጭንቅላቱ ሄደ። ምስማር እንኳ ቢሆን መጀመሪያ ይጎብጣል። እዚህ የሚያስፈልገው እግሩንና አግዳሚውን በስቶ የሚያልፍ፣ ከወዲያ በዳዶ የሚጠብቅ ወፍራም ብሎን ነው።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ለእግዚአብሔር ቤት የተሰጠ አይመለስም፣ ሽማግሌም አይዋረድም አለች። እውነቷን ነው። እኔም እውነቴን ነው። ተናደድኩ።

ዓርብ፣ 15

ፈሪ ነኝ፣ ደብተሬ። በጥቁሩ ገጠምኩት። ጋሽ አየነው ወንበር ስበው ሲያዩኝ ዋሉ። ይይዛል ወይ ብለው ጠየቁ። ይይዛል አልኩ። አፌን ምን ነካው?

መዘምራኑ ለልምምድ ወጡ። ሁለተኛው መዝሙር ላይ ቀጭ የሚል ሰማሁ። ከበሮ ስላለ ሌላ ማንም አልሰማም። ሲወርዱ በስልኬ እያበራሁ ከመድረኩ ሥር ገባሁ። ሁለት የብሎን ጭንቅላት መሬት ላይ። መቅደስ ከቆመችበት በታች። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው አናጢ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ 16

ጠዋት ጋሽ አየነው ቤት ሄድኩ። ጭንቅላቶቹን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። ትናንት የዋሸሁትንም ነገርኳቸው። ጭንቅላቶቹን በጣታቸው አገላበጡ።

«ጸልየንበት ነበር እኮ» አሉ።

«የጸለይነው ለልጆቹ ነው ጋሼ። ለብረቱ አይደለም።»

የቀረው ብሎን ለአዳራሹ ኮርኒስ ይሁን ብዬ ለመንኳቸው። ፊታቸውን አዙረው ገቡ።

ከቀኑ 8 ሰዓት። ባለዳዶውን ወፍራም ብሎን ከገበያ ገዝቻለሁ። መብሻ ትራፓኖዬን ይዤ መድረኩን ፈትቼ እንደገና ልገጥም እየሄድኩ ነው። ካልደረሰ ነገ መሬት ላይ ቆመው ይዘምራሉ። ምክንያቱን በጉባኤው ፊት ቆሜ የምናገረው እኔው ነኝ፣ ጋሽ አየነው ፊት ለፊት ቢቀመጡም።