ባሕር ላይ ያለ በረንዳ

ልጄ ኢልሃም፣ ያላችሁበት አገር ሰላም ይሁንላችሁ፤ አላህ አንቺንም ባልሽን አቡበከርንም ከዓይን ያውጣችሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴ ብቻ ያስቸግረኛል። ዘንድሮ የጨፋ ሜዳ ሣር በርትቷል። ላማችንም ወልዳለች።

በመርከብ ለሽርሽር ስትሄዱ፣ በረንዳ ላለው ክፍል ገንዘብ መጨመሩ ይሻላል ወይ ያልሽኝን ጎረቤቴን ማንአልሞሽን አማከርኳት። «ለመኝታ ከሆነ መስኮት የሌለውስ ምን ይለዋል?» አለች። እኔም መጀመሪያ እንደሷው አሰብኩ። በረንዳ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ለማለት አይደል? ባሕር ላይ በፊትሽ ማን ያልፋል?

ትናንት ግን እንደልማዴ በረንዳችን ላይ ተቀመጥኩ። አባትሽ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ካረፈ ወዲህ የምውለው እዚያ ነው። ድሮ ሰዉ በእግሩ ሲያልፍ «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ» ብሎ ቆሞ፣ ከልጅ እስከ ከብት ጠይቆኝ ነበር የሚሄደው። አሁን ሁሉም በባጃጅ ነው። እጁን ያወዛውዝልኛል፣ ልጆቹን ሳልጠይቀው ይታጠፋል። ሰላምታዬ እንደተጀመረ ይቀራል።

አንቺም ስትደውዪ፣ ሥራ ልገባ ነው እያልሽ፣ እንደነሱ ሆነሻል። አልቀየምኩሽም።

በረንዳ ያለውን ያዙ። እዚያ የምትቸኩዪበት የለም። አላህ ባሕሩን ያርጋላችሁ፣ በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ። ስልኩ ከሠራ ወንበርሽን ሳቢና ደውዪልኝ፣ እኔም በረንዳዬ ላይ እሆናለሁ። ላሟ ሴት ትውለድ ወንድ፣ ሆን ብዬ አልጻፍኩልሽም፤ አንቺ እንድትጠይቂኝ ነው።

እናትሽ ሉባባ፣ ከከሚሴ